ፈረስ ጋልቦ የመጣ ቆሻሻ

የሚስቴ ወንድም አውስትራሊያውያን በመኪና በረሃ ለበረሃ ሲዞሩ ዩቲዩብ ላይ እያየ የሚያነጋ ሰው ነው። አንድ ቀን ስልኩን ይዞ መጣና "እየው! ቆሻሻቸውን የት እንደሚይዙት እየው!" አለኝ። መኪናው ኋላ፣ ስኮርታ ጎማው ላይ፣ የሸራ ቦርሳ አልብሰውበታል። ቆሻሻው ከውጭ ይጓዛል፣ ሰዎቹ ከውስጥ ንጹሕ አየር እየሳቡ ይሄዳሉ።

"እኛም እናሰፋለን" አለ።

ቀልዱን መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ መርካቶ ሄዶ ከከባድ መኪና ሸራ አሰፍቶ መጣ። አራት ቀበቶ፣ አራት ዘለበት፣ ዙሪያውን ድርብ ስፌት። እውነቱን ለመናገር የሠርጌ ጊዜ ከገዛሁት ሻንጣ ይበልጥ ያምራል። ልብ በሉልኝ፣ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ማማሩ ነው።

ጉዞው ወደ ባሌ ነበር። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የስምንት ወር ልጃችንና ወንድሟ። አሮጌዋ ላንድክሩዘር የእሱ ናት፤ ስለዚህ ሕጉም የእሱ ነው። ሕጉ ደግሞ አንድ ነው፦ ይዘነው የገባነው ነገር ሁሉ ይዘነው ይወጣል። የሙዝ ልጣጭ፣ የሰርዲን ቆርቆሮ፣ የእንቁላል ቅርፊት። እና ዳይፐር። የስምንት ወር ልጅ ያለው ሰው ይህችን ቃል ሲያነብ ሽታው እንደሚመጣለት አውቃለሁ።

ዶዶላ ሳንደርስ ትራፊክ አስቆመን።

"የኋላ ታርጋህ የታለ?"

ቦርሳው ሸፍኖታል። ከፍ አድርገን አሳየነው።

"ምንድን ነው የያዘው?"

"ቆሻሻ ነው።"

"የምን ቆሻሻ?"

"የራሳችን።"

"ወዴት ነው የምትወስዱት?"

"መጀመሪያ ባሌ፣ ከዚያ መልሰን አዲስ አበባ።"

ትራፊኩ ትንሽ ዝም አለ። ቆሻሻ ከአዲስ አበባ ጭኖ ባሌን አስጎብኝቶ ወደ አዲስ አበባ የሚመልስ ሰው በሥራ ዘመኑ ያየ አይመስለኝም። "ክፈተው" አለ። አንደኛው ዘለበት ተፈታ። ሁለተኛው ላይ ሳንደርስ "ዝጋው፣ ዝጋው!" ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። ታርጋው እንዲታይ ቦርሳውን ወደ ላይ ሰቅለን እንድናስረው አዘዘንና በእጁ ሂዱ አለን። ወደ ላይ ሲሰቀል ግን የታችኞቹ ሁለት ቀበቶዎች አልደርስ አሉ። በላይኞቹ ሁለቱ ብቻ ቀጠልን።

ዲንሾ አድረን በማግሥቱ ሳነቴ ወጣን። ስለ ሳነቴ ብዙ ባወራ ደስ ይለኝ ነበር፤ ያን ብርድ፣ ያን እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ አምባ፣ እንደ ዛፍ የቆመ ጅብራ። ቀይ ቀበሮም አየን፤ ፍልፈል ጉድጓድ ላይ አፍንጫዋን ደፍታ እንደ ሐውልት ቆማ። የሚስቴ ወንድም ወዲያው ስብከቱን ጀመረ። በዓለም ላይ የቀሩት ለአቅመ መውለድ የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፣ ከግማሽ የሚበልጡት እዚሁ ባሌ ናቸው። ቆሻሻ ስትጥል ውሻ ይመጣል፣ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞ ይመጣል፣ ቀበሮዋ ታልቃለች። ልክ ነው። ልክ የሆነ ሰው ጋር መጓዝ ግን እንዴት ይደክማል!

ሐረና ጫካ ሁለት ሌሊት አደርን። እዚያ ደግሞ ሌላ ሕግ ወጣ። ጅብ ሸትቶት እንዳይመጣ ቦርሳው ማታ ማታ መኪና ውስጥ ይገባል። እንግዲህ አስቡት፦ ቆሻሻው በሩ ተቆልፎለት፣ መስኮቱ ተዘግቶለት ላንድክሩዘር ውስጥ ያድራል። እኛ በሸራ ድንኳን ሜዳ ላይ ተኝተን ጅቡ ሲያላዝን እናዳምጣለን። ጠዋት የመኪናውን በር የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። እሱን አልተርክም።

በሦስተኛው ቀን ወደ ሳነቴ መመለሻውን ዳገት ጀመርን። ባለቤቴ እያንዳንዱን ዳይፐር በፌስታል ጥብቅ አድርጋ ትቋጥር ነበር፤ ንጽሕና ነዋ። ሽቅብ ከ1,000 ሜትር በላይ ሲወጣ አየሩ እንደሚሳሳ፣ ታች የተቋጠረ ፌስታልም ላይ ሲደርስ እንደ ፊኛ እንደሚነፋ ያሰበ የለም። መንገዱ ጠጠር ነው፣ መኪናዋ ትዘላለች፣ ቦርሳው ያብጣል፣ ቀበቶው ሁለት ብቻ ነው። ቱሉ ዲምቱ ተራራ አጠገብ ፎቶ ልንነሣ ስንወርድ ስኮርታው ራቁቱን ቀርቷል።

እኔ ውስጤ ጮቤ ረገጠ። የሚስቴ ወንድም ግን ልጅ የጠፋበት ይመስል ራሱን ያዘ። "እንመለስ! ቀበሮዎቹ!"

መኪናውን ሳያዞር ከኋላችን አቧራ ተነሣ። ሁለት ፈረሰኞች ናቸው። አንድ ሽማግሌና አንድ ጎረምሳ። የባሌ ሰው ፈረስ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ያየ ያውቀዋል፤ ፈረሱና ሰውየው አብረው የተወለዱ ነው የሚመስሉት። ሽማግሌው በአንድ እጃቸው ልጓሙን ይዘዋል። በሌላው እጃቸው ቦርሳችንን እንደ ሕፃን ታቅፈውታል።

ባለቤቴ አሰላ ስላደገች ኦሮምኛ ታወራለች። አረፋ እየደፈቁ ያሉትን ፈረሶች አይተን ሦስታችንም ተሸማቀቅን። ሽማግሌው የጎማውን ፋና ተከትለው ሽቅብ ጋልበው ነው የመጡት። እንዲህ ያለ ሸራ፣ እንዲህ ያለ ዘለበት የጠፋበት ሰው የትም ሆኖ እያለቀሰ ነው ብለው አስበዋል።

"አባባ፣ ገላቶማ" አለች ባለቤቴ፣ ደጋግማ።

"አደራ ነው" አሉ። "አልከፈትነውም።" ከዚያ ቦርሳውን ዳበስ ዳበስ አድርገው "ልብስ ነው?" ብለው ጠየቁ።

አሁን ምን ይባላል? ያን ሁሉ ዳገት ያስጋለብንዎት ለቆሻሻ ነው ይባላል? ባለቤቴ እኔን አየች። እኔ ወንድሟን አየሁ። እሱ ተራራውን ያያል።

"አዎ፣ አባባ" አለች። "የልጁ ልብስ ነው።"

ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም መቼም። ሽማግሌው መኪናው ውስጥ ያለውን ልጃችንን አዩት፤ አላህ ያሳድገው ብለው መረቁ። ከዚያ ከፈረሱ ወረዱና ባለቤቴን ፈንጠር አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ነገሯት። ፊቷ በርበሬ መሰለ።

ገንዘብ ብንሰጥ እምቢ አሉ። ጭራሽ ከኮርቻቸው ጠፍር ፈትተው ቦርሳውን ራሳቸው ስኮርታው ላይ ጠፍረው አሰሩልን። ያ አስተሳሰር አዲስ አበባ ድረስ ንቅንቅ አላለም። ትራፊክም አላስቆመን።

ሽማግሌው ዞረው ሲሄዱ "ምን አሉሽ?" አልኳት።

መልስ የሰጠችኝ ጎባ ከደረስን በኋላ ነው።

"'ልጄ፣ ውሃ እኮ እዚህ በየቦታው ሞልቷል' አሉኝ።"

ዌይብና ወልመል ወንዞች ከሚነሡበት ተራራ ላይ፣ የልጇን ልብስ ሳታጥብ እንዲህ እስኪሸት ይዛ የምትዞር እናት። ሽማግሌው ያዩት ይህንን ነው። የሚስቴ ወንድም በሳቅ መሪውን ሊለቅ ደረሰ። እኔ አልሳቅኩም። ያገባሁ ሰው ነኝ።

ቦርሳው አሁን ሌላ ሁለት ዘለበት ተጨምሮለት የሚስቴ ወንድም ቤት አለ። ጠፍሩ ግን ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ባለቤቴ ማንም እንዲነካው አትፈልግም። የሚስቴ ወንድም ለመጪው በጋ እንደገና እንሂድ ይላል። እሷ ትናንት ማታ ለጓደኛዋ በስልክ ስታወራ ሰማኋት።

"ተይኝ እቴ! ባሌ ባሌ ወስዶ አዋረደኝ!"