መጽሐፌን ከመላኬ በፊት ኤጀንቷን ማንበብ ነበረብኝ

ኤጀንት ምን እንደሆነ ለአባቴ በስልክ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል። «መጽሐፉን ጨርሰሻል አይደል? ታዲያ ለምን ማተሚያ ቤት አትወስጂውም?» አለኝ። እዚህ አሜሪካ ትልልቆቹ አሳታሚዎች ከደራሲ እጅ በቀጥታ አይቀበሉም አልኩት። መሃል ላይ ኤጀንት የሚባል ሰው አለ፤ አርታኢዎቹን የሚያውቃቸው እሱ ነው። መጽሐፉ ሲሸጥ ከደራሲው ገቢ 15 በመቶ ይወስዳል፤ ውጭ አገር ሲሸጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 20። አባዬ ትንሽ ዝም አለና «ደላላ ነዋ!» አለ።

«እንደዚያ በለው።»

«አሥራ አምስት ፐርሰንት? ኧረ የቤት ደላላ እንኳ ሁለት ነው የሚለው!»

አባዬ ድሬዳዋ ነው ያለው። ጡረታ እስኪወጣ ምድር ባቡር ሠርቷል። ልብ ወለዴም ከዚያው የመጣ ነው። ከዚራ የሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ውስጥ ያደጉ የአንድ የባቡር መካኒክ ሦስት ልጆች አባታቸው ሲሞት በቤቱ ይጣላሉ፣ ከዚያም ለዓመታት ይኳረፋሉ። የጻፍኩት በእንግሊዝኛ ነው። ቀን ፋርማሲ ነው የምሠራው፤ ቅዳሜና እሁድ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እየተቀመጥኩ በስድስት ዓመት 98,000 ቃላት ጨረስኩ። ስጨርስ ከባዱ ነገር ያለቀ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ዙር እንዴት እንደላክሁት ልንገራችሁ። ኩዌሪትራከር የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ ኤጀንቶችን በዘውግ ይዘረዝራል፣ ማን በስንት ቀን እንደሚመልስም ደራሲዎች ይመዘግቡበታል። መሠረታዊው አገልግሎት ነፃ ነው። «ልብ ወለድ» የሚለው ላይ ምልክት ያደረጉትን ሁሉ ሰበሰብኩ። መጽሐፌን የሚያስተዋውቅ አንድ ደብዳቤ ጻፍኩ። ስም ብቻ እየቀየርኩ ለ41 ሰው ላክሁት። እንደ ሠርግ ጥሪ!

23ቱ፣ ከአንዷ በቀር፣ «ለእኛ የሚሆን አይደለም» የምትል አንድ ዓይነት መልስ ላኩልኝ። 18ቱ ጭራሽ አልመለሱም። ብዙ ኤጀንቶች ገጻቸው ላይ በስንት ሳምንት ካልመለስን እምቢ ማለታችን ነው ብለው ይጽፋሉ። እኔ ግን ያንን እያነበብኩ እንኳ ኢሜይል ጠፍቶ ይሆናል እያልኩ ጀንክ ፎልደሬን አገላብጥ ነበር።

ያን ደብዳቤ አሁን ሳነበው ራሴን እታዘባለሁ። የሥራ ማመልከቻ ነው የሚመስለው፤ «ጉዳዩ» የሚል መስመር ብቻ ነው የቀረው። በትህትና ይጀምራል። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ «ሥራዬ ገና ብዙ የሚቀረው ቢሆንም» ይላል። ይህን ያስጻፈኝ ይሉኝታ ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው ጨዋ ነው፤ እዚህ ግን አንባቢዋ ቃል በቃል ትወስደዋለች። ራሷ አላለቀም ካለች እኔ ለምን አነበዋለሁ? ከዚያ ሁለት አንቀጽ ሙሉ የባቡር ሐዲዱን ታሪክ እተርካለሁ፦ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር። ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ለምን እንደተጣላ ግን አንድም ቃል የለም።

ሌላም ጉድ አለብኝ። ለኤጀንቱ ስለሱ የሆነ ነገር ጠቅሰሽ ጻፊ የሚል ምክር ሰምቼ ነበር። አንዷን ኢንስታግራም ላይ ፈልጌ አገኘኋት። ውሻ አላት። ደብዳቤዬን «ውሻሽ በጣም ታምራለች» ብዬ ጀመርኩት። ያኔ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ሰው አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ጓሮ ያየሁ ያህል አፍራለሁ። የሰውን ጣዕም ማወቅና የሰውን ኑሮ መሰለል ለየቅል ናቸው።

ከእነዚያ 23 መልሶች አንዷ ብቻ በሰው እጅ የተጻፈች ነበረች። አጻጻፍሽ ጥሩ ነው፣ እኔ ግን ላለፉት ዓመታት የሸጥኩት ከሞላ ጎደል የወንጀል ታሪክ ነው ትላለች። ዝርዝሩ ውስጥ «ልብ ወለድ» ላይ ምልክት አድርጋ ነበር እኮ! ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ሰው የሚወደውን ሲጠየቅ ሰፊ መልስ ይሰጣል። ሥጋ ቤት ገብታችሁ ምን አላችሁ ብትሉ ሁሉም አለን ነው የሚሏችሁ። መስቀያው ላይ የተሰቀለውን ነው ማየት።

መላኩን አቆምኩና ስድስት ወር የኤጀንቶችን «መስቀያ» ሳይ ከረምኩ።

መጀመሪያ ፐብሊሸርስ ማርኬትፕሌስ ለሚባለው ድረ ገጽ የአንድ ወር ከፈልኩ። የመጽሐፍ ሽያጮች እዚያ ይመዘገባሉ፦ ደራሲው፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታሪኩ፣ የገዛው አርታኢ፣ የሸጠው ኤጀንት። ገንዘቡን በኮድ ነው የሚጽፉት። «ናይስ ዲል» ካሉ እስከ 49,000 ዶላር ነው፤ «ሜጀር ዲል» ከግማሽ ሚሊዮን ጀምሮ። (ከአንድ ዶላር የሚጀምረውን ናይስ ያለው ሰውዬ ደግሞ ተጫዋች ነገር ነው።) ይህ ዝርዝር ሁሉንም ሽያጭ አይዝም፤ በአብዛኛው ኤጀንቶቹ ራሳቸው ናቸው የሚያስመዘግቡት። ቢሆንም የአንድን ሰው የሦስት ዓመት ሽያጭ በተከታታይ ስታነቡት መልኩ እየታየ ይመጣል።

ሁለተኛው መንገድ ነፃ ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም የወደድኩት እሱን ነው። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አዳዲስ ልብ ወለዶች የሚደረደሩበት ጋ እቆማለሁ። መጽሐፉን ከኋላ እከፍተዋለሁ። የምስጋና ገጽ ላይ ደራሲዎች ኤጀንታቸውን በስም ያመሰግናሉ። ስም ብቻ ግን አይደለም የሚገኘው፤ ለምን እንደሚያመሰግኑም ይጻፋል። አንዱ «ስድስት ጊዜ ያስከለሰችኝ» ይላል፣ ሌላው «በአንድ ሌሊት አንብቦ የደወለልኝ»። ስድስት ጊዜ የምታስከልስ ሴትና በሌሊት የሚደውል ሰው አንድ ዓይነት ሰዎች አይደሉም። ይህን ሁሉ ደብተር ላይ እገለብጥ ነበር። ቆሜ ከኋላ ስገልጥ ያየች አንዲት የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ «መጨረሻውን አስቀድመሽ ታነቢያለሽ እንዴ?» ብላኛለች።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንወድቅበት አንድ ጉድጓድ አለ። ገጿ ላይ «የስደተኞችን ድምፅ እፈልጋለሁ፣ ያልተሰሙ ታሪኮችን እወዳለሁ» የምትል ኤጀንት ነበረች። ማኑስክሪፕት ዊሽ ሊስት የሚባለው ኤጀንቶች ምኞታቸውን የሚጽፉበት ገጽ ላይም ይህንኑ ደግማዋለች። ሳነብ ልቤ ዘለለ። እኔን ነው የምትጠራው አልኩ። ሽያጯን ሳይ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የሸጠችው የወጣቶች ፋንታሲና ግለ ታሪክ ነው። አልዋሸችም፤ ምኞቷን ነው የጻፈችው። እኔ ግን ከምኞቷ ይልቅ የምታውቃቸውን አርታኢዎች ነበር የምፈልገው።

በሌላ በኩል ገጿ ላይ አፍሪካ፣ ስደት፣ ኢትዮጵያ የሚል ቃል የሌላት አንዲት ነበረች። ስሟን ሦስት መጽሐፍ ጀርባ ላይ አገኘሁት። ሦስቱንም ተዋስኩና አነበብኩ። አንዱ ዓሣ አጥማጅ ቤተሰብ ነው። አንዱ ዳቦ ጋጋሪ ባልና ሚስት ናቸው። ሦስተኛው ሬሳ አጣቢ የሆነች መበለት ናት። መጀመሪያ ምንም አይገናኙም አልኩ። ሦስተኛውን ስጨርስ ነው ያየሁት። በሦስቱም ውስጥ ሰዎች እጃቸው ሥራ ላይ ነው። በሦስቱም ውስጥ የማይነጋገሩ እህትና ወንድም አሉ። ሦስቱም የሚጀምሩት ሥራው መሃል ላይ ነው፤ አንዱም መቅድም የለውም።

የእኔ መጽሐፍ መቅድም ነበረው። ያውም አራት ገጽ፣ ከምኒልክ ዘመን የሚነሳ።

አወጣሁት። ቀላል አልነበረም፤ አንድ ወር የፈጀብኝ ምዕራፍ ነው። ከዚያ አባትየው ጋራዥ ውስጥ፣ ዘይት በዘይት ሆኖ፣ ትልቁ ልጁ ላይ ሳያይ መፍቻ የሚወረውርበትን ገጽ አንደኛ አደረግኩት። ድሮ ገጽ 31 ላይ ነበር። ለእሷ ብዬ ነው የቆረጥኩት፤ ግን ሳነበው መጽሐፉ ከመጀመሪያም የሚጀምረው እዚያ ነበር። የማይወዱትን አስወድዳለሁ ብሎ መጽሐፍን ማጣመም ሌላ ነገር ነው። አንዷን ኤጀንት ደስ ይላታል ብዬ የፍቅር ታሪክ ልጨምርበት ሞክሬ ሁለት ሳምንት አቃጥያለሁ። ገጸ ባሕርይዋ ራሷ ያፈረች ነው የምትመስለው።

ደብዳቤው ላይ ስለ እሷ የጻፍኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ መጽሐፍ ውስጥ ወንድማማቾቹ ሳይነጋገሩ መረብ የሚጠግኑበትን ቦታ ጠቅሼ፣ የእኔም ልጆች አባታቸውን የሚቀብሩት እንዲሁ ሳይነጋገሩ ነው አልኩ። አበቃሁ። ለንጽጽር መጽሐፌን የሚመስሉ ሁለት መጽሐፍ መጥቀስ ያስፈልጋል፤ አምስት ዓመት ያላለፋቸው ቢሆኑ ይመረጣል። በመጀመሪያው ዙር የመቶ ዓመት ዕድሜ ያለው ግዙፍ ክላሲክ ነበር የጠቀስኩት፣ ሰው ሳይስቅብኝ አልቀረም። በዚህኛው ዙር ከእሷ መጽሐፎች አንዱን ለንጽጽር ልጠቅስ አስቤ ተውኩት። ከራሷ ደራሲ ጋር የሚሻማ መጽሐፍ ነው ብላ ልትሸሸው ትችላለች።

በሁለተኛው ዙር ለዘጠኝ ሰው ብቻ ላክሁ። በአንድ ድርጅት ውስጥ ካሉት ከአንድ በላይ አልነካሁም፤ አንዳንዱ ቤት የአንዱ እምቢታ የሁሉም ነው። አራቱ ተጨማሪ ገጽ ጠየቁኝ። ከእነሱ ሦስቱ ሙሉውን አስላኩኝ። በዚያው ሰሞን አንድ «ኤጀንት ነኝ» ባይ ሳልልክለት በራሱ ጊዜ ጻፈልኝና ለማንበቢያ 350 ዶላር ጠየቀኝ። እውነተኛ ኤጀንት የሚያገኘው ሲሸጥ ነው። የአሜሪካ የስነ ጽሑፍ ኤጀንቶች ማኅበርም አባላቱን የማንበቢያ ክፍያ እንዳይቀበሉ ይከለክላል። እዚህ ላይ የአባዬ የደላላ እውቀት ጠቀመኝ። «ቤቱን ሳያሳይ ብር የሚል ደላላ ቤት የለውም» ብሎ ነበር።

ያቺ ሦስት መጽሐፏን ያነበብኩላት ሴት በአሥራ አንደኛው ሳምንት መለሰች። ውል የሚል ነገር የለም፤ ሁለት ገጽ ማስታወሻ ነው። ከልሰሽ ላኪልኝ ትላለች። ታናሽ ወንድምየው ለምን እንደሚመለስ አይገባኝም ትላለች። እውነቷን ነው፤ እኔም አይገባኝም ነበር። አምስት ወር ከለስኩ። መልሼ ላክሁላት። ስልክ ደወለች፣ ስለ መፍቻው አወራን፣ አባቴ በሕይወት አለ ወይ አለችኝ። ውሉን የፈረምነው ከዚያ በኋላ ነው።

አባዬ መጽሐፉ መቼ እንደሚመረቅ በየሳምንቱ ይጠይቀኛል። ገና ለአርታኢዎች እየተላከ ነው እለዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ኤጀንቷ የምትልክላቸውን የ14 አርታኢዎች ዝርዝር ላከችልኝ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን አጭር ማስታወሻ አለ፦ ምን እንደገዛ፣ የትኛውን መጽሐፍ ተጫርቶ እንደተሸነፈ፣ ምን እንደሰለቸው። ከእኔ ደብተር ጋር ቁርጥ አንድ ነው። አራተኛው ስም ጎን ላይ «መቅድም ካየች አታነብም» ይላል።