የአዋሽ ባቡር ጣቢያን ታሪክ ስሰበስብ ያስቸገረኝ የቀን ነገር

የአዋሽ ሰባት ኪሎን አሮጌ ባቡር ጣቢያ የዘመን ሰንጠረዥ ሰሞኑን ከሞላ ጎደል ጨረስሁ። ደስታዬ ልክ የለውም። የየከተማችሁን የተዘጋ ጣቢያ ታሪክ ለምትሰበስቡ ይጠቅም እንደሆነ የሠራሁበትን መንገድ ላካፍላችሁ።

አጀማመሩ ቀላል ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ስለተዘረጋው 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ የተጻፈው ብዙ ነው። ቀደም ባለው ዘመን ባቡሩ በቀን ብቻ ስለሚጓዝ መንገዱ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛውም አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። ከጣቢያው አጠገብ ያለው ቡፌ ዳዋሽ ሆቴልም እንግዳ የለመደው በዚሁ ነው።

አሳሬን ያበላኝ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። የኩባንያው ወረቀት በፈረንጅ ቀን፣ የእኛው ጋዜጣ በእኛ ቀን ይጻፋል፤ አንዳንዱ ጸሐፊ ደግሞ የትኛውን እንደተጠቀመ እንኳ አይናገርም። «ስምንት ቀንስ» የሚባለው ምክር በጣም ያናድደኛል። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በፈረንጆች ዲሴምበር 1902 ነው። ስምንት የቀነሰ ሰው 1894 ብሎ ይጽፋል፤ ትክክሉ ግን 1895 ዓ.ም. ነው። ከእኛ አዲስ ዓመት እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ ሰባት ነውና።

ከዚህ የባሰም አለ። የዐድዋ ድል የሚከበርበት የካቲት 23 ዛሬ ማርች 2 ላይ ይውላል፤ በ1888 ዓ.ም. ግን የዋለው ማርች 1 ነበር። ፈረንጆቹ በ1900 ፌብሩዋሪን 29 ቀን ሳያደርጉ ስላለፉ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል አንድ ቀን ተጨመረ። ስለዚህ አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡበት ማርች 9 ቀን 1894፣ በዛሬው የቀን መቁጠሪያ ሲታይ የካቲት 30 ይመስላል፤ በወቅቱ ግን መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ነበር። የአንድ ቀን ልዩነት ምን ያደርጋል የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እኔ ግን በአንድ ቀን የተሳተ ሰነድ በሌላውም ይስታል ባይ ነኝ።

መፍትሔዬ ተራ ደብተርና ሦስት ዓምድ ነው፦ ቀኑ በምንጩ እንደተጻፈ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ በፈረንጆቹ። የመጀመሪያው ዓምድ ፈጽሞ አይነካም። አእምሮአችሁ ውስጥ ቀይራችሁ አትጻፉ፤ መጀመሪያ እንዳለ ገልብጡ።

አረጋውያንን ስትጠይቁ ደግሞ በዓመተ ምሕረት አታስጨንቋቸው፣ በበዓል ጠይቋቸው። አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ጠመዝማዛው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከድልድዩ ወደ ገደል ገብቶ 428 ሰው ያለቀበትን አደጋ አንዳንዱ ምንጭ ጃንዋሪ 13፣ ሌላው 14 ቀን 1985 ይለዋል። አንድ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ዓመቱን ከአፋቸው ማውጣት አቃታቸው፤ በገናና በጥምቀት መካከል እንደነበር ግን ሳያመነቱ ነገሩኝ። ጥር 5 ወይም 6 ቀን 1977 ማለት ነው፤ ሁለቱም ከቃላቸው ጋር ይገጥማል። የትኛው እንደሆነ እስካረጋግጥ ድረስ በደብተሬ ሁለቱንም ጽፌአለሁ።

አሁን የቀረኝ ፎቶግራፍ ነው። የአዋሽ ጣቢያ ፎቶ ቤታችሁ ካለ ስታነሡልኝ ጀርባውን አትርሱብኝ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና በእርሳስ የተጻፈው ቀን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው።