ፓምፑን ከመቀየሬ በፊት ገመድ ብጥል ኖሮ

ስልኩ የተደወለልኝ በሁዳዴ አጋማሽ ነው። «ፎቅ ላይ ያለው ሻወር ጠብ አይልም። ታችም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። ሳህን ማጠብ እንኳ አስቸገረን» አሉኝ ጋሼ። ቤታቸው ሱሉልታ ነው። ጥቅምት ላይ ፓምፑን የገጠምኩት እኔው ነኝ። ያን ጊዜ ውኃው ከሻወሩ ሲወርድ ቆዳ ይደበድብ ነበር። ስለዚህ ነገሩ ከበደኝ፤ ሌላውን ሥራ ትቼ በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ።

ግቢው ውስጥ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ፤ ጥልቀቱ 11 ሜትር ነው። ከአፉ አጠገብ ባለች ትንሽ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ አንድ የፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕና ባለ 24 ሊትር ቀይ ፕሬዠር ታንክ ተቀምጠዋል። ፕሬዠር ስዊቹ ግፊቱ 1.4 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲደርስ ፓምፑን ያስነሳል፣ 2.8 ባር ሲሞላ ያጠፋል። ቤቱ ጂ ፕላስ ዋን ነው፤ ለእንዲህ ያለ ቤት ይበቃል።

ስደርስ የጌጁ፣ የግፊት መለኪያው፣ መርፌ 1.1 ላይ ቆማለች። ፓምፑ ይሠራል፣ ግን አያጠፋም። እጄን ሳስጠጋው ይፋጃል። ጋሼ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ እንዳደረ ነገሩኝ። ሩቢኔቱን ስከፍተው ውኃው እየተቆራረጠ፣ አየር እየተፋ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ታንኩን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው፣ ባለሙያውም ጭምር፣ ይሳሳታል። ፕሬዠር ታንክ ግፊት አይፈጥርም። ፓምፑ የፈጠረውን ግፊት ይይዛል እንጂ። ውስጡ ጎማ አለ፤ ከጎማው ወዲህ ውኃ፣ ከጎማው ወዲያ አየር ነው። አየሩ ከጎደለ ፓምፑ አንድ ብርጭቆ ውኃ በቀዳችሁ ቁጥር እየተነሳ እየጠፋ ሞተሩን ያቃጥላል። አየሩ የሚለካው ፓምፑ ጠፍቶ፣ ውኃው ሁሉ ከታንኩ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ነው። ውኃ እያለበት የሚለካ ሰው የሚያነበው የውኃውን ግፊት ነው። ከኋላው ያለችውን የመኪና ጎማ የሚነፋባትን የመሰለች ቫልቭ ጫን ስታደርጉ አየር ሳይሆን ውኃ ከተፋች ደግሞ ጎማው ተቀዷል ማለት ነው።

ውኃውን አፍስሼ ለካሁ። 0.6 ባር ብቻ ነው ያለው። በብስክሌት መንፊያ እስከ 1.2 ሞላሁት። ፓምፑ ከሚነሳበት ግፊት ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ደስ አለኝ፣ ጥፋቱን ያገኘሁ መሰለኝ። ፓምፑን መልሼ ሳስነሳው መርፌዋ 1.1 ላይ ደርሳ ቆመች።

ቀጥሎ ማጣሪያው። ስፈታው ውስጡ ያለው የማጣሪያ ክር በጭቃ ጠቁሯል። አውጥቼ ያለ ማጣሪያ ሞከርኩት፤ ለውጥ የለም። መብራቱን በቴስተር ለካሁት፤ 216 ቮልት ነው፣ ምንም አይልም። አየር መትፋቱን ሳስብ በመሳቢያው ቱቦ በኩል አየር የሚያስገባ መገጣጠሚያ አለ ብዬ ሁሉንም ፈትቼ ቴፍሎን ጠቅልዬ መለስኩ። እሱም ለውጥ አላመጣም።

ያን ጊዜ ነው የተሳሳትኩት። «ጋሼ፣ ፓምፑ ደክሟል። ከፍ ያለ ጉልበት ያለው ይሻላል» አልኳቸው። አምነውኛል። ጥቅምት ላይ በእጄ ያመጣሁትን ፓምፕ በአምስት ወሩ «ደክሟል» ስል ለራሴ እንኳ አልተዋጠልኝም ነበር። ግን ሌላ የማየው ነገር አጣሁ። ከሰዓት በኋላ መርካቶ ወርጄ ባለ አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት ፓምፕ በገንዘባቸው ገዝቼ መጣሁ።

አዲሱ ፓምፕ ሲነሳ የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ውስጡ ጠጠር ያለበት ወፍጮ ይመስል ነበር። መርፌዋ 0.9 ላይ ትንቀጠቀጣለች። ከአሮጌው ባሰ እንጂ አልተሻለም። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ፤ ምንም አልተናገሩም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

እናታቸው ከፀሐይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ሰፌዱን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ውኃው እኮ በዚህ ሰሞን ይሸሻል። ገመዱን አላየኸውም?» አሉኝ።

«የቱን ገመድ እማማ?»

ተነሥተው ከማድ ቤት ጀርባ ካለችው መጋዘን ገቡ። ሲወጡ የተጠቀለለ አሮጌ ገመድ ይዘዋል፤ ጫፉ ላይ የባልዲ ማንጠልጠያ አለ። ፓምፕ ከመግባቱ በፊት ሰባት ዓመት በዚህ ገመድ ውኃ ቀድተዋል። ገመዱ ሁለት ቦታ ላይ ተቋጥሯል። ቋጠሮዎቹ በእጅ ብዛት ተልገው ያብረቀርቃሉ። «ይቺ የመስከረም ናት። ይቺ የፋሲካ» አሉኝ። በክንዳቸው እየለኩ አሳዩኝ። በሁለቱ መካከል አምስት ክንድ አለ።

ጫፉ ላይ ድንጋይ አስሬ ጉድጓዱ ውስጥ ለቀቅኩት። ውኃውን ሲነካ ጠብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ገመዱን ይዤ አወጣሁትና እስከ እርጥቡ ድረስ በሜትር ለካሁት። 5.9 ሜትር ነው። የመስከረሙ ቋጠሮ 3.6 ላይ ነው። ፓምፑ ከጉድጓዱ አፍ 30 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ከውኃው እስከ ፓምፑ 6.2 ሜትር ሆነ ማለት ነው። ያውም ፓምፑ ሳይነሳ። ሲስብ ደግሞ ውኃው ከዚያም ይወርዳል።

ካርቶኑ ላይ «እስከ 9 ሜትር ይስባል» የሚል ተጽፏል። ገና 6 ሜትር ላይ ለምን አቃተው? መልሱ ያለው ሱሉልታ ራሷ ላይ ነው።

ፓምፕ ውኃን ከጉድጓድ አይጎትትም። ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ያወጣዋል። ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው በጉድጓዱ ውኃ ላይ የተጫነው የውጭ አየር ነው። በባሕር ጠለል ላይ ያ አየር ውኃን ቢበዛ እስከ 10.3 ሜትር ድረስ ያነሳል። ከዚያ በላይ የዓለም ኃይለኛ ፓምፕ ቢመጣ ከላይ ሆኖ ሊስብ አይችልም። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ነው፤ ውኃን የሚያነሳው እስከ 7.4 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ንፍሮ ሱሉልታ ላይ ከአዳማ ይልቅ እሳት ላይ የሚቆየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ካርቶኑ ላይ ያለው 9 ሜትር የተለካው በባሕር ጠለል ነው። ከእሱ ወደ ሦስት ሜትር ቀንሱ። 6 ይቀራል። የቱቦው ጥበትና ማጠፊያዎቹ የሚወስዱት ሲቀነስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ጥቅምት ላይ ውኃው ቅርብ ስለነበረ ሁሉም ነገር ሠራ። መጋቢት ላይ ፓምፑ የአቅሙ ጫፍ ላይ ደረሰ።

አየር መትፋቱም በዚሁ ይፈታል። ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከልክ በላይ ሲወርድ ውኃው ውስጥ የሟሟው አየር አረፋ ሆኖ ይወጣል። ትልቁ ፓምፕ የባሰው ብዙ ውኃ በአንድ ጊዜ ለመሳብ ስለሚሞክር ነው። በዚያው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ፍትጊያው ይጨምራል፣ የጉድጓዱም ውኃ ቶሎ ይወርዳል። ያ የጠጠር ድምፅ እንፋሎት የሆኑ አረፋዎች ፓምፑ ውስጥ ሲፈነዱ የሚሰማ ነው። ትንሽ ቢቆይ ውስጡን ይበላዋል።

እርግጠኛ መሆን ፈለግሁ። የወለቀውን አሮጌ ፓምፕ መልሼ ገጠምኩት። የመሳቢያውን ቱቦ ከጉድጓዱ ለይቼ አጠገቡ ባለ ውኃ የተሞላ በርሜል ውስጥ ከተትኩት። አስነሳሁት። መርፌዋ 1 አለፈች፣ 1.5፣ 2፣ 2.5... 2.8 ላይ ስትደርስ ስዊቹ ጠቅ አለና ፓምፑ ጠፋ። ግቢው ጭጭ አለ። ከላይ የሻወሩ ውኃ ሲንፎለፎል የቤቱ ልጆች ሲጮሁ ተሰማ። «ደክሟል» ያልኩት ፓምፕ ምንም አልሆነም ነበር።

አዲሱን ፓምፕ በማግስቱ ወደ ገዛሁበት ሱቅ መለስኩ። ባለሱቁ ቀንሶ ነው የተቀበለኝ። ጉድለቱን ከኪሴ ሞልቼ ለጋሼ ሙሉውን ሰጠኋቸው። «ተው፣ አይሆንም» አሉ። እኔ ግን ያንን ብር ከእሳቸው መውሰድ አልቻልኩም። በርሜል ከግቢው፣ ገመድ ከመጋዘኑ ነበር። ሁለቱም የሚፈጁት ከግማሽ ሰዓት በታች ነው።

ከፋሲካ በፊት ጠላቂ ፓምፕ፣ ብዙዎቻችን ሰብመርሲብል የምንለውን፣ አስገባንላቸው። ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ከታች ስለሚገፋ የአየሩ ስስነት አያገባውም። እስከ 50 ሜትር ሽቅብ የሚገፋ መረጥን። ከውኃው እስከ ላይ 7 ሜትር፣ ለ2.8 ባር ደግሞ 28 ሜትር ያስፈልጋል፤ የቀረው ለቱቦው ፍትጊያና ውኃው ለሚሸሽበት ዓመት ነው። ደለል እንዳይስብ ከወለሉ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ አድርገን በናይለን ገመድ አንጠለጠልነው። በመብራቱ ገመድ ፓምፕ ማንጠልጠል ክልክል ነው፤ አንድ ቀን ተበጥሶ ሰው ይጎዳል። ውኃው ቢያልቅ እንዲያጠፋው መከላከያም አለው።

አንዳንድ ቦታ የላዩን ፓምፕ ወደ ጉድጓዱ ውስጥ ዝቅ አድርገው፣ ሳንቃ ላይ ሲያስቀምጡት አይቻለሁ። ለርቀቱ መፍትሔ ይመስላል። እባካችሁ አታድርጉት። እርጥብ ጉድጓድ ውስጥ መብራት ያለበት ሞተር ማስቀመጥ ሞት መጥራት ነው። በነዳጅ የሚሠራ ፓምፕ ከሆነ ደግሞ ጭሱ ጉድጓዱን ይሞላዋል፤ በጭሱ ውስጥ ያለው መርዛማ ጋዝ ሽታ ስለሌለው ሳይታወቅ ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል። ሊያወጣው የሚወርደውም አብሮት ይቀራል። የወደቀ ባልዲ ለማውጣት እንኳ ብቻችሁን አትውረዱ።

ሥራው ሲያልቅ በቆርቆሮዋ ቤት በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በማርከር ጻፍኩ፦ «መስከረም 3.6፣ መጋቢት 5.9።» ከሥሩ ባዶ መስመሮች ተውኩ። እማማ አጠገቤ ቆመው ሲያዩ ነበር። ማንበብ አይችሉም። ግን ገመዱን ተቀበሉኝና ቋጠሮዎቹን ዳብሰው ወደ መጋዘናቸው መለሱት። ባለፈው ሁዳዴ ስደውልላቸው ከሰላምታ ቀጥሎ ያሉኝ «ዘንድሮ ካምናው አንድ ክንድ ወርዷል ልጄ፤ በሩ ላይ አስጽፌዋለሁ» ነው።