ኮምፒውተሩ ሲነሳ ስፒንድሉም ተነሳ

በወርክሾፓችን ለማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሆኑ ፊደላትን ከኮምፔርሳቶ የምንቆርጠው ራሳችን በገጣጠምነው ማሽን ነው። ምላጩን የሚያዞረው ሞተር ስፒንድል ይባላል። ፍሬሙን፣ ተንሸራታቾቹንና ጠመዝማዛ ዘንጎቹን የሠሩት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ መካኒካችን ናቸው። የእኔ ድርሻ ፕሮግራሙ ነበር። ማሽኑን እንዲመራ የመረጥነው ኮምፒውተር ከመጋዘን የወጣ፣ ዶስ የተባለው የድሮ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ብቻ የሚነሳበት፣ 486 ፕሮሰሰር ያለው ነው።

አሮጌ ኮምፒውተር መምረጣችንን ያየ ሁሉ አዲስ መግዛት አቅቷቸው ነው ይላል። ምክንያቱ ሌላ ነው። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ስቴፐር ሞተር አንድ የኤሌክትሪክ ምት ሲላክለት አንድ እርምጃ ይዞራል፤ ካልተላከለት ባለበት ተይዞ ይቆማል። የእኛ ሞተሮች በአንድ ሙሉ ዙር 200 እርምጃ አላቸው፤ በግማሽ እርምጃ ስናሠራቸው 400 ይሆናል። ዘንጉ በአንድ ዙር 5 ሚሊሜትር ስለሚገፋ ለ1 ሚሊሜትር 80 ምት ያስፈልጋል። ምቶቹ በእኩል ጊዜ ካልመጡ ሞተሩ ይንገጫገጫል፤ በጣም ሲዛቡ ደግሞ እርምጃ ይስታል። ሞተሩ የት እንደደረሰ ለኮምፒውተሩ መልሶ የሚነግር ነገር ስለሌለ አንዴ የተሳተ እርምጃ እስከ ሥራው መጨረሻ አብሮ ይሄዳል፤ የፊደሉ መነሻና መድረሻ አይገጥሙም።

ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድ እንደ ዊንዶውስ ያለ ሲስተም ፕሮግራምህን በፈለገው ሰዓት አቁሞ ሌላ ጉዳዩን ያያል። ለጽሑፍ ሥራ ይህ ምንም አይደለም፤ ምት ለሚጠብቅ ሞተር ግን ጥቂት ሚሊሴኮንድ እንኳ ብዙ ነው። ዶስ ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ ለፕሮግራሙ ይለቅለታል። በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የሰዓት ቺፕ በሴኮንድ 1,193,182 ጊዜ ይቆጥራል፤ ዶስ ራሱ ከዚያ ውስጥ የሚጠቀመው በሴኮንድ 18.2 ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ቺፑን ለ119 እንዲያካፍል አዘዝኩት፤ በሴኮንድ ወደ 10,000 የሚጠጋ ኢንተራፕት፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ የያዘውን አቁሞ አጭር ሥራ እንዲሠራ የሚያደርግ ጥሪ፣ አገኘሁ። የሞተሮቹ ምት በሙሉ የሚወጣው ከዚያ ነው። ባዶ ዙር እያስቆጠሩ ጊዜ መጠበቅ ቀላል ይመስላል፤ ኮምፒውተሩ ሲቀየር ግን ፍጥነቱም አብሮ ስለሚቀየር ለእንዲህ ያለ ሥራ አልመክረውም።

ሁለት ሞተሮችን አስተባብሮ ሰያፍ መስመር ለማስኬድ የተጠቀምኩበት ስሌት የብሬዘንሃም ነው። ጃክ ብሬዘንሃም አይቢኤም ውስጥ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1962 ያዘጋጀው በኮምፒውተር ለሚመራ ፕሎተር፣ ማለትም በብዕር ለሚስል ማሽን፣ ነበር። ማካፈልም ነጥብ ያለው ቁጥርም አይፈልግም፤ ሙሉ ቁጥር መደመርና መቀነስ ይበቃዋል። ለ486 ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ብዕሩን አውጥተህ ስፒንድል ብትተካበት ስሌቱ ያው ነው።

ትእዛዙ ከኮምፒውተሩ የሚወጣው በፕሪንተር ፖርቱ በኩል ነው። ከፒን 2 እስከ ፒን 9 ያሉት ስምንት መውጫዎች በአንድ አድራሻ ይታዘዛሉ፤ ወደዚያ አድራሻ፣ ወደ 378 ሄክስ (በ16 መሠረት የተጻፈ ቁጥር ነው)፣ አንድ ቁጥር ስትጽፍ ስምንቱም በአንድ ጊዜ ይለወጣሉ። ከ2 እስከ 7 ያሉትን ለሦስቱ ሞተሮች ምትና አቅጣጫ ሰጠናቸው። ፒን 8 ባዶ ቀረ። ፒን 9 ተዘጋጅቶ በተገዛ ካርድ ላይ ያለውን ሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ያነሳል፤ ሪሌው ስፒንድሉን ያበራል። ማሽኑ በዚህ አኳኋን ብዙ ፊደል ቆርጧል።

ገጠመኙ የደረሰው ምላጭ በመቀየር ላይ ሳለን ነው። አንዱ ወጣት ሠራተኛ ምላጩን አስገብቶ፣ ነቱን አጥብቆ፣ መፍቻውን ገና ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጡ ነበር። ኮምፒውተሩ ስታክ አድርጎ ስለነበር ሌላው ባልደረባችን ሪሴቱን ተጫነው። ማንም ሌላ ነገር ሳይነካ ስፒንድሉ በሙሉ ፍጥነት ተነሳ። ጋሼ ሮጠው ሶኬቱን ነቀሉት። ማንም አልተጎዳም። መፍቻው ነቱ ላይ ቢሆን ኖሮ ግን ያ ብረት በማን ፊት ላይ ያርፍ እንደነበር ማሰብ እስካሁን ያንቀጠቅጠኛል።

ሁሉም መጀመሪያ የጠረጠረው ፕሮግራሙን ነው፤ ተገቢም ጥርጣሬ ነበር። ወጣቱ ግን አንድ ነገር ልብ ብሏል፤ ስፒንድሉ ሲነሳ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የሜሞሪ ቆጠራው ነበር። ያን ጊዜ ዶስ እንኳ አልተጫነም፤ የእኔ ፕሮግራም ደግሞ ከዶስ በኋላ ነው የሚነሳው። በዚያ ሁሉ ድንጋጤ መሃል ስክሪኑን ያየ ሰው መኖሩ ብዙ ልፋት አተረፈልን። የሞተሮቹንና የስፒንድሉን መስመር ከካርዱ ነቀልን፤ በስምንቱ ፒኖች ላይ ስምንት ትንንሽ የኤልኢዲ መብራቶች ገጠምንና ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሳነው። መብራቶቹ አንዱ በርቶ አንዱ ጠፍቶ ቆሙ። 3፣ 5፣ 7 እና 9 በርተዋል፤ 2፣ 4፣ 6 እና 8 ጠፍተዋል።

ይህ በአጋጣሚ የመጣ አልነበረም። ከመጀመሪያው፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1981 ከወጣው የአይቢኤም ፒሲ ጀምሮ፣ ባዮሱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም፣ ሲነሳ ፕሪንተር ፖርት መኖር አለመኖሩን የሚያውቀው አንድ የታወቀ ቁጥር ጽፎ መልሶ በማንበብ ነው። ቁጥሩ ኤኤ ሄክስ ነው፤ በሁለትዮሽ ሲጻፍ 10101010። ያነበበው ከጻፈው ጋር ከተመሳሰለ ፖርት አለ ማለት ነው። የጻፈውን ግን አያጠፋውም፤ ሌላ ቁጥር እስኪጻፍበት እዚያው ይቀመጣል። ለፕሪንተር ይህ ምንም ጉዳት የለውም፤ ፕሪንተር ፊደሉን የሚቀበለው በሌላ ፒን «ተቀበል» የሚል ምልክት ሲደርሰው ነው። የእኛ ሪሌ ግን ምልክት አይጠብቅም፤ ፒን 9 ከፍ ካለ ይነሳል።

መፍትሔው ላይ ብዙ ተከራከርን። አንደኛው ሐሳብ የሪሌውን መስመር ወደ ፒን 8 ማዛወር ነበር፤ ሲነሳ ጠፍቶ የሚቆም ፒን ነውና። ሌላው ሐሳብ ዶስ እንደተነሳ ፖርቱ ላይ ዜሮ የሚጽፍ ትንሽ ፕሮግራም ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው ወዲያው ወደቀ፤ ዶስ እስኪነሳ ባሉት ሴኮንዶች ስፒንድሉ ሙሉ ፍጥነቱን ይይዛልና። የመጀመሪያውን አጥብቄ የተቃወምኩት እኔ ነኝ። የዚህ ባዮስ ጸባይ ፒን 8ን ዝቅ ቢያደርገውም ሌላ ማዘርቦርድ ብንገጥም ምን እንደሚያደርግ ዋስትና የለንም። ፕሮግራሙ ስፒንድሉ እየዞረ ቢደርቅ ደግሞ ፒኑ የትም ቢሆን በርቶ ይቀራል። ጋሼ ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ይህ ኮምፒውተር ሲያብድም ሲሞትም ማሽኑ የሚቆምበት መንገድ የለህም?» አሉኝ። ክርክሩ ያን ጊዜ መልክ ያዘ።

መንገዱ አለ። የማሽን ሠሪዎች ቻርጅ ፓምፕ የሚሉት ትንሽ ሰርኪት ነው። ባዶ በነበረው ፒን 8 ላይ ፕሮግራሙ ያለማቋረጥ ከፍ ዝቅ የሚል ምልክት ይልካል፤ በየኢንተራፕቱ ስለምገለብጠው በሴኮንድ ወደ 5,000 ሞገድ ይሆናል። ምልክቱ በአንድ ካፓሲተር በኩል ያልፋል። ካፓሲተር የሚለዋወጥን ነገር ያሳልፋል እንጂ ባለበት የቆመን ቮልቴጅ አያሳልፍም። ከሱ ቀጥሎ ያሉት፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ሁለት ዳዮዶች የመጣውን እያንዳንዱን ምት ወደ ሁለተኛ ካፓሲተር ያጠራቅማሉ፤ አንድ ሬዚስተር ደግሞ የተጠራቀመውን ያለማቋረጥ ያፈሳል። በቀዳዳ ጋን ውሃ እንደማጠራቀም ነው፤ መቅዳቱን ያቆምክ ጊዜ ጋኑ ይጎድላል። በቂ ቮልቴጅ እስካለ ትራንዚስተሩ ሪሌውን ይዞ ያቆየዋል። ፒኑ ከፍ ብሎ ቢደርቅ፣ ዝቅ ብሎ ቢደርቅ፣ ገመዱ ቢነቀል፣ ባዮሱ የፈለገውን ቢጽፍ ሪሌው ይወድቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሰርኪቱን ገጥሞ ሥራው አለቀ ይላል። አላለቀም። ምልክቱን የሚያወጣው ኢንተራፕቱ ነው፤ ኢንተራፕቱ ደግሞ ዋናው ፕሮግራም በአንድ ዙር ውስጥ ተጠምዶ ቢቀርም መሥራቱን ይቀጥላል። ያን ጊዜ ቁልፍ ሰሌዳውን የሚሰማ፣ ማሽኑ ጫፍ መድረሱን የሚናገሩትን የገደብ ማብሪያዎች የሚያይ ክፍል ሞቶ ምልክቱ ብቻውን በሰላም ይወጣል፤ ሰርኪቱም ሁሉ ደህና ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል አንድ ቆጣሪ አስቀመጥኩ። ዋናው ፕሮግራም ሥራውን አንድ ዙር በጨረሰ ቁጥር ቆጣሪውን 2,000 ላይ ይመልሰዋል፤ ኢንተራፕቱ በየተራው አንድ ይቀንሳል። ዜሮ ከደረሰ፣ ማለትም ዋናው ፕሮግራም ለ200 ሚሊሴኮንድ ያህል ድምፁ ከጠፋ፣ ኢንተራፕቱ ምልክቱን መላክ ያቆማል። ቆጣሪውን በኢንተራፕቱ ውስጥ መሙላት ከንቱ ነው፤ ራሱን በራሱ ደህና ነኝ እንደማለት ነው። በየቦታው እየደጋገሙ መሙላትም እንዲሁ ነው፤ ፕሮግራሙ አንዱ ቦታ ላይ ቢጠመድም ቆጣሪው ይሞላለታልና። የሚሞላበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የገደብ ማብሪያዎቹና ቁልፍ ሰሌዳው ታይተው ካበቁ በኋላ።

የቀረው የጋሼ ሥራ ነው። የስፒንድሉን ኃይል ራሱን በሚይዝ ኮንታክተር፣ ማለትም ከባድ ኃይል በሚችል ትልቅ ሪሌ፣ በኩል አሳለፉት። አረንጓዴው ቁልፍ ሲጫን ይነሳል፤ ቀዩ የአደጋ ማቆሚያ ሲመታ ወይም የቻርጅ ፓምፑ ሪሌ ሲወድቅ ይለቃል፤ ምልክቱ ቢመለስም ሰው መጥቶ አረንጓዴውን ካልተጫነ አይነሳም። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስም እንደዚያው። ቀዩ ቁልፍ የኮንታክተሩን መስመር የሚቆርጠው በቀጥታ ነው፤ ለኮምፒውተሩ የሚደርሰው ማቆሙን የሚገልጽ ምልክት ብቻ ነው። የአደጋ ማቆሚያን በቁልፍ ሰሌዳ ላይ የሚያደርግ ማሽን አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለውን ማሽን ማንም እንዲነካው አልፈልግም።

ጋሼ በዚህም አልረኩም። የሪሌና የኮንታክተር ነጥቦች በእሳት ብልጭታ ተበይደው ተጣብቀው ሊቀሩ እንደሚችሉ ከልምዳቸው ያውቃሉ። ኃይሉ ከተቋረጠም በኋላ ስፒንድሉ ለጥቂት ጊዜ በራሱ ግፊት መዞሩ አይቀርም። ስለዚህ ምላጭ ሲቀየር የስፒንድሉ ሶኬት ይነቀላል፤ የነቀለው ሰውም ሶኬቱን ምላጩን የሚቀይረው ሰው ፊት ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። በዚህ ላይ እኔም አንድ ቃል የምጨምረው የለኝም።

ፕሮግራሙ ውስጥ ለሙከራ ብቻ የሚያገለግል አንድ ቁልፍ አለ፤ ሲጫኑት ዋናው ፕሮግራም ሆን ብሎ ማለቂያ በሌለው ዙር ውስጥ ይገባል። ሳምንቱ ሲጀመር ስፒንድሉን ምላጭ ሳይገባበት አስነስተን ያን ቁልፍ እንጫናለን። ቀጥሎ የፕሪንተር ገመዱን እንነቅላለን፤ በመጨረሻም ሪሴቱን እንጫናለን። በሦስቱም ኮንታክተሩ መልቀቅ አለበት፤ ከሦስቱ በአንዱ እንኳ ካልለቀቀ ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ ማሽኑ ላይ ኮምፔርሳቶ አይወጣም።