የበርጩማዋ ሦስተኛ እግር

ከሰዓት ጀምሮ ይዘንባል። የጅማ ዝናብ አንዴ ከያዘ መልቀቂያ የለውም። እኔም ያለ ምክንያት ሆዴ ባብቶ ነበር። ታላቄ «እማዬ ቡና ስታፈላ አንስተህ ላክልኝ» ያለችኝ ትዝ አለኝና በሩ ጋ ቁጢጥ ብዬ አንድ ፎቶ አነሳሁ። ላክሁላት። ወዲያው መለሰች፦ «በርጩማዋን ምን ነካት? እግሯ የት ሄደ?»

እውነትም! ያቺ አባዬ ከሂርማታ ገበያ የገዛት፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍላ የወጣች ባለ ሦስት እግር በርጩማ፣ ፎቶው ላይ በሁለት እግር ቆማለች። እማዬም ምንም ሳይመስላት ላይዋ ተቀምጣ ፍሙን ታራግባለች።

ሦስተኛው እግር የትም አልሄደም። ከፊተኛው ጀርባ ልክክ ብሎ ተደብቋል። እኛ ሁለት ዓይን አለን፤ እሱ ካልበቃን አንገታችንን ሰገግ እናደርጋለን። የካሜራ ዓይን ግን አንድ ነው። በአንድ መስመር የተሰለፈውን ቅርቡንም ሩቁንም እላዩ ላይ ይለጥፈዋል።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ቀረ፤ እንዲህ ዓይን የሚያታልል ነገር ስፈልግ ስልኬ ላይ ተተከልኩ። አውስትራሊያ ውስጥ፣ ፐርዝ ከተማ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. የቆመ 13.5 ሜትር የሚረዝም ሦስት ማዕዘን አለ። በፎቶ ሲያዩት ሊሆን የማይችል ነገር ነው፤ አንዱ ዘንግ ሲርቅ ሲርቅ ዞሮ ከቅርቡ ጋር ይጋጠማል። የሚጋጠመው ግን ከሁለት ቦታ ሲያዩት ብቻ ነው። ፈቀቅ ካሉ ጫፍና ጫፉ የተኳረፈ ቆልማማ ነገር ይሆናል። ቅርጹን በ1934 የሳለው ኦስካር ሮይተርስቫርድ የሚባል ስዊድናዊ ነበር። ዓለም የሚጠራው ግን በፔንሮዞች ስም ነው፤ አባትና ልጅ በ1958 ስለጻፉበት። ልጅየው ኋላ በፊዚክስ ኖቤል ወሰደ። ስዊድናዊው አንጀቴን በላኝ።

የሚያናድደው፣ ምስጢሩን አውቄም ዓይኔ አይሰማኝም። ሦስት ነው እለዋለሁ፣ ሁለት ይለኛል።

ወለሉ ላይ በደረቴ ተኛሁ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። እግሯ ብቅ ትላለች፣ ትጠፋለች። እማዬን «እስቲ አንዴ ተነሽልኝ» ብዬ አስነሳኋት። «ምነው ልጄ፣ ጤናም የለህ?» አለች። አልመለስኩላትም። አቦሉ አለፈ፣ ቶናው አለፈ፣ በረካው ላይ ስነቃ ሲኒዬ ቀዝቅዟል።

አሁን ስልኬን ስከፍት 37 የበርጩማ ፎቶ አለ። ከታላቄም ያላየሁት ሁለተኛ መልእክት፦ «እማዬስ ከስታለች ወይስ ፎቶው ነው?»

ስለ በርጩማዋ ብትጠይቀኝ እስከ ስንጥቋ እነግራት ነበር። እማዬ ተኝታለች። ምን ብዬ ልመልስላት?