ፖፕ ካልቸርን ከኮ-ኦፕ ጋር መማር

ፖፕ ካልቸር፣ ማለትም ብዙ ሰው የሚያየውንና የሚሰማውን ፊልም፣ ዘፈንና የመሳሰለውን፣ ለማጥናት የምታስቡ ከሆነ ኮ-ኦፕ ያለው ፕሮግራም ፈልጉ። ሥራ ለማግኘት ይጠቅማል፣ እሱ እውነት ነው። የኔ ዋና ምክንያት ግን ሌላ ነው። ይህ ትምህርት ያለ ሥራው ግማሹ ይጎድላል ብዬ አምናለሁ።

ለማታውቁት፣ ኮ-ኦፕ ማለት አንዱን ሴሚስተር ክፍል ውስጥ ሌላውን መሥሪያ ቤት ውስጥ እያፈራረቁ መማር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደሞዝ አለው። ቀጣሪው ይገመግማችኋል፣ እናንተም ሪፖርት ትጽፋላችሁ። ነገሩን የጀመሩት የኢንጂነሪንግ ሰዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1906 ኸርማን ሽናይደር አሜሪካ ውስጥ በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ አስጀመረው። የካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲም በ1957 ሲመሠረት ይህንኑ መንገድ ይዞ ነው የተነሳው። ለዚህ ይመስለኛል ኮ-ኦፕ ሲባል ለብዙ ሰው ማሽንና ኮድ ብቻ የሚታየው።

ፖፕ ካልቸርም ዩኒቨርሲቲ የገባው ትናንት አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ሪቻርድ ሆጋርት በ1964 በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የባህል ጥናት ማዕከል አቋቋመ፣ በኋላም ስቱዋርት ሆል መራው። ሬይ ብራውን ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካው ቦውሊንግ ግሪን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ የፖፕ ካልቸር ዲፓርትመንት ከፈተ። ዛሬም ግን «ፊልም እያያችሁ ዲግሪ?» የሚል አይጠፋም። ያናድደኛል። ሰው ከሥራ መልስ ያለችውን ጊዜ ሁሉ የሚሰጠው ነገር ካልተጠና ምን ሊጠና ነው?

ክፍል ውስጥ የምናየው ሁልጊዜ ያለቀለትን ነገር ነው። የወጣ ፖስተር፣ የተለቀቀ ዘፈን፣ ኤዲት ተደርጎ ያለቀ ፊልም። ከዚያ ተነስተን ትርጉም እንፈልጋለን። ሆል ሠሪው ያሰበውን ትርጉም ተመልካቹ ሊቀበለው፣ በከፊል ሊቀበለው ወይም ጭራሽ ሊቃወመው ይችላል ይላል፤ እኛም ይህን ይዘን ተመልካቹን ስንመረምር እንከርማለን። ሠሪው ግን ሩቅ ነው።

የመጀመሪያ ኮ-ኦፕዬ አንድ የሙዚቃ ፌስቲቫል ቢሮ ነበር። ፖስተሩን ስታዩት የዲዛይነር ሥራ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ወረቀት ግን ሌላ ነገር ነው የሚያወራው። የማን ስም በስንተኛው መስመር፣ ከማን ቀጥሎ፣ ከማን ባላነሰ ፊደል እንደሚጻፍ ውል ውስጥ ሰፍሯል። የአንዱ ማናጀር ይደውላል፣ ስሙ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ ስሙ የወረደበት ሰው ማናጀር ይደውላል። ዲዛይነሯ እንደገና ታስተካክላለች። ፖስተሩ ሲወጣ ሰዉ የሚያነበው የዝና ቅደም ተከተል አድርጎ ነው፣ እውነትም በከፊል ነው፣ ግን ከጀርባው ያለውን ድርድር ከየትኛውም ሴሚናር አታገኙትም።

ተቃራኒውም አለ፣ እሱን ግን ሰው ብዙ አያነሳውም። ቢሮ ጊዜ የለውም። ስንት ቲኬት ተሸጠ፣ ስንት ሰው ሼር አደረገ፣ በቃ። ለምን ወደዱት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ትምህርቱ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ጃኒስ ራድዌይ በ1984 ባሳተመችው ጥናት የፍቅር ልብወለድ የሚያነቡ ሴቶችን አነጋገረች። የነገሯት ስለ ታሪኩ ብቻ አልነበረም። ማንበቡ ራሱ ከባልና ከልጆች ጣጣ ፋታ አግኝተው የራሳቸው የሚሆኑበት ሰዓት ነው። የሽያጭ ቁጥር ይህን አይናገርም።

ቀጥሎ በተመደብኩበት ሙዚየም የድሮ የኮንሰርት ቲኬቶችንና አድናቂዎች ራሳቸው ያዘጋጇቸውን መጽሔቶች ስመዘግብ ይህ ጥናት ከአእምሮዬ አልወጣም። ፎርሙ የሚጠይቀው ዓመት፣ ቦታና የአርቲስቱን ስም ነው። አንዲት አድናቂ ግን ቲኬቷ ጀርባ ላይ ከማን ጋር እንደሄደችና ምን እንደለበሰች በእስክሪብቶ ጽፋለች። ለዚህ የሚሆን ቦታ ፎርሙ ላይ የለም። አለቃዬን ጠየቅኳትና አንድ የማስታወሻ ክፍል ጨመርን። አሁን ስብስቡን የሚያገላብጥ ተመራማሪ የልጅቷንም ጽሑፍ ያገኘዋል።

ሁሉም ቦታ እንዲህ አይደለም። የሶሻል ሚዲያ ፖስት ሼዱል ሲያደርጉ ሴሚስተሩ የሚያልቅባቸው ልጆች አሉ። ከዚያ የሚከፋው ደግሞ በነፃ ማሠራት ነው፣ መዝናኛው ውስጥ በጣም የተለመደ ነገር ነው። በነፃ መሥራት የሚችለው ቤተሰቡ የሚደጉመው ልጅ ነው። እሱ ይገባል፣ እሱ ያድጋል፣ ነገ የትኛው ፊልም እንደሚሠራ የሚወስነውም እሱ ይሆናል። ስለዚህ የኮ-ኦፕ ደሞዝ እንደ ኪስ ገንዘብ ብቻ ሲታይ አልወድም። ማን ይህን ሙያ መግባት ይችላል የሚለውን የሚወስን ነገር ነው።

ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ። ሥራውን የሚያፈላልገው ዩኒቨርሲቲው ነው ወይስ እናንተ? ክፍያ አለው? ያለፉት ተማሪዎች የት የት ሠሩ? ቦታው ደግሞ እንዲሁ አይታደልም፤ ሲቪ አስገብታችሁ፣ ኢንተርቪው ተቀምጣችሁ፣ ተወዳድራችሁ ነው። ለኢንተርቪው ከኤሴዎቻችሁ አንዱን ወደ አንድ ገጽ አሳጥራችሁ ያዙ። ቲዎሪስቶቹን አውጡና ያገኛችሁትን ነገር ብቻ አስቀሩ። ረጅሙን ማንም አያነብላችሁም፣ አንድ ገጽ ግን እዚያው ፊታችሁ ያነቡታል፣ ጥያቄውም ከዚያ ይጀምራል።