መጽሔቷን ሳትታተም ግዟት

ትናንት ማታ ከደብረ ብርሃን ካምፓሳችን አንድ ልጅ ደወለልኝ፣ "ጋሼ፣ የዘንድሮዋ መጽሔት ልትወጣ ነው ግን ለማተሚያ ብር ጎድሎናል" አለኝ። እውነት ለመናገር ከዛ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይቺ የተማሪዎች የሥነ ጽሑፍ መጽሔት እኔ ፍሬሽ ሆኜ ስገባ ነበረች፣ ከኛ በፊት የነበሩት አስረከቡን፣ አሁን ደግሞ ያኔ ኤቢሲዲ ሲቆጥሩ የነበሩ ልጆች ይዘዋታል።

የደብረ ብርሃንን የኅዳር ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ዶርም ውስጥ ብርድ ልብስ ደርበን ገጽ ስናጥፍ እናመሽ ነበር፣ ያለን ስቴፕለር አንድ ነው፣ እሱም ወረቀቱ ሲወፍርበት ግማሽ ድረስ ወግቶ ይቀራል፣ ጫፉን በማንኪያ ጀርባ እያጎበጥን ነው የምንዘጋው።

አንድ የመንዝ ልጅ ነበር፣ ክላስ ውስጥ ድምፁ የማይሰማ። እናቱ ለወንድሟ ያወረደችውን ሙሾ በደብተር ቅጠል በእርሳስ ጽፎ አመጣልን፣ አንድ ቃል ሳንነካ አወጣነው። እናትየው ማንበብ አትችልም፣ ልትጠይቀው ስትመጣ እሱ አነበበላት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማች፣ ከዛ ምንም ሳትል መጽሔቷን ተቀብላው አጥፋ ጉያዋ ከተተቻት።

ከበደ ሚካኤልን ያፈራ አገር ነው ይሄ፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይም የመርሐቤቴ ሰው ናቸው። ግጥም የሚችል ልጅ ዛሬም ሞልቷል፣ ጽሑፉን የሚያወጣበት ነው ያጣው። ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እንኳን ተማሪ እያለ አጭር ልቦለዱን ያወጣው ኡጋንዳ፣ ማከሬሬ ኮሌጅ ውስጥ ትታተም በነበረች የተማሪ መጽሔት ነው፣ ፔንፖይንት ትባል ነበር።

ደግሞ አንዴ ከቆመች ማስነሳቱ ከባድ ነው። አሜሪካ ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሳውዘርን ሪቪው የምትባል ስመ ጥር መጽሔት አለች፣ በፈረንጆቹ 1935 ተጀምራ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በ1942 ቆመች፣ የተመለሰችው በ1965 ነው። 23 ዓመት! ያቺ እንዲህ ከሆነች የኛዋን ማን ያስነሳታል?

ስለዚህ እባካችሁ "ስትወጣ እገዛለሁ" አትበሉ፣ አሁን ግዙ። ማተሚያ ቤቱ ፕሌት (ገጹ የሚታተምበትን ስስ ብረት) የሚያወጣበትና ማሽን የሚያስተካክልበት ወጪ ለ100 ኮፒም ለ1000 ኮፒም ያው ነው፣ ቀድሞ ያዘዘ ሰው ሲበዛ የአንዷ ዋጋ ይወርዳል፣ ለተማሪውም በሚችለው ብር ትደርሰዋለች። "ፒዲኤፍ ላኩልኝ"ም ይቅር፣ እኛ ደሞዝተኞች ነን።

እኔ ዛሬ ጠዋት የ10 ኮፒ በቴሌብር ልኬያለሁ። አንዷ ለመንዙ ልጅ እናት ናት፣ የድሮዋ በእጥፋቷ በኩል ተቀዳዳለች ብሎኛል።